በቤት ላይ ቤት
ኮንዶሚኒየምን እንደ ድርሰት ያነበበ ሂስ

ጎርጎራ ሲባል ለብዙው ሰው ቀድሞ የሚታየው ጣና ነው። ቀጥሎ ደብረ ሲና ማርያም፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐይቁን የሚያቋርጠው የጀልባ ጉዞ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው መዝናኛ ይመጣል። ይህ ጸሐፊ ግን ጎርጎራን የሚያነሣት በአንዲት ሐረግ ምክንያት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዐፄ ሱስንዮስ በዚያ በከተሙበት ዘመን፣ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ባለ ሰገነት የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሠርቶላቸው ነበር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ያንን ሕንፃ ያየ ሰው «በቤት ላይ ቤት» አለው።

ብሩስ ሐረጉን የጠቀሰው አበሾች ለፎቅ የሚሆን ቃል እንዳልነበራቸው ለማስረዳት ነው። ይህ ብዙም አያሳምነኝም። ሰገነትና ደርብ የራሳችን ቃላት ናቸው፤ ከጎርጎራ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞም የአክሱም ድንጋይ ጠራቢ በሐውልቱ ላይ ደርብ በደርብ ቤት ቀርጿል። በሐረጉ ውስጥ እኔ የማየው የቃል እጦትን ሳይሆን ትዝብትን ነው። ቤት ማለት ለዚያ ዘመን ባላገር በምድር ላይ የቆመ፣ ጣራው ሰማይ የሚያይ ነበር። አሁን ግን ከጣራው በላይ ሰማይ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቤት ተቀምጧል። የላዩ ሰው ሲረግጥ የታቹ ይሰማል፤ የታቹ ሲያጤስ የላዩ ይታፈናል። ሐረጉ ይህን ሁሉ በሦስት ቃል ይዞታል።

የጎርጎራው ሐረግ ግን በጊዜው ሙሉ ትርጉሙን አላገኘም ነበር። ምክንያቱም ንጉሡ የላዩም የታቹም ቤት ባለቤት ነበሩ። ከላይ የሚረግጠውም ከታች የሚሰማውም የአንድ ቤተ መንግሥት ሰው ነው። የአንዱ ጣራ የሌላው ወለል የሆነው፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ኮንክሪት ግራና ቀኝ ሳይሆን ላይና ታች ሆነው የተዋሰኑት፣ በእኛ ዘመን በኮንዶሚኒየም ነው። ስለዚህ ሐረጉን ከጎርጎራ አንሥተን ጀሞ ወይም ባሕር ዳር ብናደርሰው ይበልጥ ያምርበታል።

«የሥነ ጽሑፍና የባህል መጽሔት ስለ ሲሚንቶ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ራሱ አማርኛ ነው። ግጥማችን የሚመታው ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናን የሚያውቀው በሁለት ቤቱ ነው። አግብቶ ራሱን የቻለ ሰው ጎጆ ወጣ ይባላል፤ ዘመዱ ቤተሰብ፣ የቅርብ ሰው ቤተኛ ነው። ከሁሉ የሚገርመው «ባለቤት» የሚለው ቃል ነው። ባለቤት የንብረት ጌታ ነው፤ ባለቤት ባል ወይም ሚስት ነው፤ በሰዋስው ትምህርት ደግሞ ባለቤት የዓረፍተ ነገሩ አድራጊ ነው። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚያናድድ የአማርኛ መምህራን ያውቃሉ። እንግዲህ ቤትን እንዲህ አድርጎ በንግግሩ ውስጥ ያስቀመጠ ሕዝብ፣ ቤቱ ሲለወጥ አነጋገሩም አኗኗሩም መለወጡ አይቀርም። ሂስ ደግሞ የተለወጠውን ማየት ነው ሥራው።

ከኮንዶሚኒየሙ በፊት የነበረውን ምዕራፍ ሳናነብ ይህን ብቻ ብናነብ ግን ፍርዳችን ይዛባል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደለት አንድ መኖሪያ ቤት ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራይም ተቀነሰ። ተከራይ ተደሰተ፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ጣራ እንኳ አይቀይርምና ቤቶቹ በዕድሜ ብዛት ጎበጡ። የራሱን ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ስለ ጠፋም አዲስ ቤት ጥቂት ሆነ። አያት፣ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ክፍል ያደሩት በዚያ ዘመን ነው።

ስለዚያ ሰፈር ብዙ ተጽፏል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ውቤ በረሃን ያለ ሰፈሯ ሊታሰብ አይችልም። የአዲስ አበባ ሰፈር ድሃና ሀብታሙን፣ ከጎንደር የመጣ ጸሐፊና ከጉራጌ የመጣ ነጋዴን፣ የዶርዜ ሸማኔንና የሐረር ሰውን፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑን በአንድ ጠባብ መንገድ ያሳደረ ሰፈር ነበር። ጨው መበዳደሩ፣ ቡና መጠራራቱ፣ ለቅሶ መቀመጡ እውነት ነው። ግን ናፍቆት ዐይን ይጋርዳል። ለስምንትና ለዐሥር ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት የፍቅር ምልክት አይደለም። ያንን ኑሮ የኖረ ሰው ስለ ፍቅሩ ከማውራቱ በፊት ስለ ወረፋው ያወራል።

የኮንዶሚኒየም ሕግ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይባላል። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከጂ.ቲ.ዜድ. ጋር ሆኖ የሙከራውን ሥራ በቦሌ ገርጂ ጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። ስቱዲዮ የተባለው ከ20 ካሬ ሜትር በታች የሆነ ቤት ነው፤ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታው ከዚያ በላይ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የስቱዲዮ ዋጋ ከ20,000 ብር በታች ነበር። ገዢው 20 በመቶውን ይቆጥባል፤ ቀሪውን ባንክ ያበድረዋል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚሉ ሦስት መንገዶች አዲስ ምዝገባ ተደርጎ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተሰለፈ። አንድ ከተማ እንዳለ በወረፋ ቆመ ማለት ነው።

እስቲ እንግዲህ ድርሰቱን እንግለጠው። መጀመሪያ ርእሱን። ሕጉ የሰጠው ስም «የጋራ ሕንፃ ቤት» የሚል ነው። ጥሩ አማርኛ ነው። ቤቱ የግል፣ ሕንፃው የጋራ መሆኑን በሦስት ቃል ይናገራል። ሕዝቡ ግን ይህን ስም አልተቀበለውም፤ «ኮንዶሚኒየም» አለ፤ ሲያጥር «ኮንዶ»። ከባዕድ ቃል ጋር ጠብ የለኝም፤ ፎቅ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው። የሚያሳስበኝ ስሙ ሲለወጥ አብሮ የወደቀው ቃል ነው። «የጋራ» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። ከስሙ የወጣው ነገር ቀስ በቀስ ከሕንፃውም ወጣ። ክርክሬ ይኸው ነው፦ ኮንዶሚኒየም በግል ክፍሉ የተሳካ፣ በጋራ ክፍሉ ያልተጻፈ ድርሰት ነው።

የተሳካውን ለመካድ አይቻልም። በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ የውሃና የመብራት ቆጣሪ፣ በስሙ የተጻፈ ካርታ አለው። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ሲያበቃ በቀሪውም እኩል እንዲወዳደሩ መደረጉ፣ በራሷ ስም ቤት ኖሯት ለማታውቅ ብዙ ሴት የሕይወት ምዕራፍ ነው። «ከቤቴ ውጪ!» ተብላ የማታውቅ ሴት የዚህን ዋጋ ላትረዳው ትችላለች፤ የተባለችው ግን ቁልፉን ስትይዝ ምን እንደ ተሰማት አትጠየቅም።

አሁን በሩን ዘግተን ወደ ደረጃው እንውጣ። የኢትዮጵያ ቤት ከሰው ጋር የሚነጋገረው በደጁ ነው። እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው!» ይባላል። በዚህች አጭር ምልልስ ውስጥ ጊዜ አለ፤ የቤቱ እመቤት ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ እንግዳው ጫማውን ይጠርጋል። በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ይህች ጊዜ የለችም። የብረት በር ይንኳኳል፤ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። ደጅ የለም፤ ደጅ ከሌለ ደጅ የምትቀመጥ አሮጊትም የለችም። ንድፉን የሠሩት ሰዎች ይህን ፈጽሞ አልረሱትም፤ ለየብሎኮቹ የጋራ መገልገያ ቤት ሠርተዋል። «ኮሙናል» የምንለው ነው። በግ የሚታረደው፣ እንጀራ የሚጋገረው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ለቅሶና ድግስ የሚስተናገደው እዚያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በዕቅዱ ላይ ሳየው እጅግ አስተዋይ ሐሳብ ነው። በብዙ ሳይቶች ላይ ግን ይህ ቤት ለሱቅ፣ ለምግብ ቤት ወይም ለመዋዕለ ሕፃናት ተከራይቷል። ስለዚህ የበዓሉ በግ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ይወጣል፤ ምጣዱ በጠባቡ ማድ ቤት ይጣዳል፤ ጭሱ ወደ ላይኛው ሰው ቤት ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ የባላገርነት ጉዳይ አይደለም። ደራሲው የጻፈው ምዕራፍ ተቀዶ ሲወጣ ታሪኩ መደናበሩ ነው።

የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ደግሞ ሰዋስዋችን ይመሰክራል። «አምፖሉ ተቃጠለ»፣ «ቧንቧው ፈነዳ»፣ «ሮቶው ባዶ ሆነ»፣ «ቆሻሻው ተጣለ»። ማን? አይታወቅም። የግል ቤቱ ባለቤት አለው፤ ደረጃው ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። ሃያ ባለቤቶች ያሉበት ደረጃ አንድም ባለቤት የሌለው መሆኑ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ግን መልሱ ከዕጣው ይጀምራል።

ዕጣ በድርሰት ውስጥ ደካማ ዘዴ ነው። ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን በበቂ ምክንያት ማገናኘት ሲያቅተው ዕድልን ይጠራል። በከተማ ውስጥ ግን ዕጣ አንድ ትልቅ ደግነት ነበረው። ከቁጥር በቀር ምንም አያውቅም። ነርሷን ከሹፌሩ፣ የወለጋውን ሰው ከወሎዋ ሴት፣ ጡረተኛውን ከአዲስ ሙሽሮች ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ያስቀምጣል። ገንዘብም፣ ዘርም፣ ሃይማኖትም ያልመረጠው ጉርብትና ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ፣ ሰፈሩ ያደባለቀውን ሕዝብ የሚያደባልቅ ሌላ ምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ መልስ የሚያገኘው ከዚያው ደረጃ ነው።

ይህ ደግነት ግን ሁለት ጊዜ ቆስሏል። በ2011 ዓ.ም. ከ51,000 በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ በኮዬ ፈጬ ያሉት ቤቶች የማን መሬት ላይ ቆሙ የሚል ተቃውሞ ተነሣ። የገበሬው ጥያቄ የሚናቅ አልነበረም፤ ቤት ለሌለው ቤት ለመሥራት ማሳ ያለው ማሳውን አጥቷልና። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ25,000 በላይ ቤቶች የወጣበት ዕጣ፣ መረጃው ውስጥ የማይገባቸው ሰዎች ስም ገብቷል ተብሎ ተሰረዘ፤ በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። የመጀመሪያው ቁስል ዕጣ መሬትን እንደማይፈጥር አሳየ። ሁለተኛው ደግሞ ዕውሩ ዕጣ ዐይን ሊበጅለት እንደሚችል አሳየ። ከሁለቱም በኋላ ሰው ቁጥሩን ማመን ከበደው።

ሦስተኛው ነገር ጸጥ ያለ ነው፤ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ዕጣው የደረሰው ብዙ ሰው ወርኃዊ ክፍያውን ከኪሱ ለመክፈል ስለማይችል ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ቤት ይከራያል። ለድሃ የተባለው ቤት ውስጥ ትንሽ ሻል ያለው ይገባል፤ ድሃው የኪራዩን ልዩነት ይበላል። ሁለቱም አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ደረጃው ላይ የሚኖረው ተከራይ፣ ስለ ደረጃው የሚመለከተው ደግሞ ሌላ ሰፈር የሚኖረው አከራይ ሆነ። አምፖሉን የሚገዛው ማነው? ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ይላል። አከራዩ አምፖሉ መቃጠሉን አያውቅም። ባለቤቱ ከዓረፍተ ነገሩ የወጣው እንዲህ ነው።

ወደ ጣና ዳር እንመለስ። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ጀርመናውያን ዐዋቂዎች ፕላን ያወጡላት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ፖሊ ቴክኒክ የተተከለባት፣ ዘንባባ የተደረደረባት ከተማ ናት። ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ክልል ከተሞችም ወርዶ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ግንባታው ቆመ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቤቱን በተባለው ዋጋ የሚችል ገዢ ማነሱ ነበር። ይህን ሲሰማ «ባሕር ዳሬ ፎቅ አይወድም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሰው የናቀው ፎቁን ይሁን ዋጋውን ሳይለይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። በክልሉ ዋናው መንገድ የቤት ሥራ ማኅበር ነው፤ ተደራጅቶ፣ ድርሻን በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ፣ ቦታ መጠበቅ። መንገዱ ለብዙ መምህርና ሠራተኛ ቤት ሰጥቷል። ቢሆንም የሚሰጠው ቦታ ነው፤ ቤቱን የሚሠራው ቦታ ተቀባዩ ነው። አሸዋ፣ ብረትና ሲሚንቶ በየወሩ ዋጋ በሚለውጡበት አገር፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጦርነት ባለበት ክልል፣ መሠረቱን አውጥቶ ግድግዳው ላይ የቆመ ሰው ብዙ ነው።

በባሕር ዳርም ሆነ በጎርጎራ የጠፋው እንግዲህ ትንሽ ቤት ነው። ባዶ ቦታ አለ፤ ለባለ ገንዘብ የሚሸጥ ሰፊ አፓርታማ አለ፤ ለቱሪስት የሚሆን ማረፊያ አለ። 30 ካሬ ሜትር፣ ተሠርቶ ያለቀ፣ አንድ ደመወዝተኛ በዐሥራ አምስትና በሃያ ዓመት ከፍሎ የሚጨርሰው ቤት ግን የለም። ጎርጎራ የተመደበች አንዲት ጀማሪ መምህርት ሐይቁ ዳር የሚያምር ሕንፃ ታያለች፤ የምታድረው ግን ከሰው ግቢ ውስጥ በተከራየችው ሰርቪስ ነው። መዝናኛው አይሠራ ማለቴ አይደለም፤ ለሀገር ገበታ መዘርጋት ጥሩ ነው። ገበታ የሚያቀርበው፣ የሚያስተምረውና የሚያክመው ሰው የት እንደሚያድር የሚጠይቅ አንድ መሥመር ግን በዕቅዱ ላይ ቢጨመር አይከፋም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚሁ ወገን ነው። በየመጽሔቱ እየጻፈ የሚኖር ሰው ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ የለውም። አንድ ጊዜ ስለ ቤት ብድር ልጠይቅ ወደ አንድ ባንክ ሄጄ፣ ባለሙያዋ በትሕትና ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዳመጣ ነገረችኝ። «መሥሪያ ቤቴ ራሴ ነኝ» አልኋት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ለማግኘት መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል፤ ልጅ የሚያነብበት፣ አባት የሚጽፍበት ቤት መሥሪያ ቤት አይባልም። ሾፌሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ ሁሉ በዚህ ስሌት ውስጥ ከእኔ ጋር ናቸው። የከተማው ብዙ ሰው ደግሞ የዚህ ዓይነት ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር ጋር ማስተያየቱ ይጠቅማል። ከአምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ ባይልመርሜር የሚባል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የተሠራ፣ እንደ ማር እንጀራ በስድስት ማዕዘን የታጠፉ ረጃጅም ፎቆች የነበሩበት፣ የወደፊቱ ከተማ ተብሎ የተወደሰ ሥራ ነው። የታሰበለት የሆላንድ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው ግን የራሱ ግቢ ያለው ቤት መረጠ። ባዶ የቀሩትን ፎቆች ከሱሪናም፣ በኋላም ከጋናና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሰዎች ገቡባቸው። ሰፈሩ በድህነትና በወንጀል ስሙ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 4 ቀን 1992 አንድ የጭነት አውሮፕላን በፎቆቹ ላይ ወድቆ 43 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙዎቹ ፎቆች ፈረሱ።

ሳይፈርስ ከቀሩት አንዱ ክላይቡርክ ይባላል። ወደ 400 ሜትር የሚረዝም፣ 500 ቤቶች ያሉት ሕንፃ ነው። እሱም ሊፈርስ ሲል አንድ የባለሀብቶች ቡድን ወስዶ አንድ ብልሃት አደረገ። መዋቅሩን፣ አሳንሰሮቹን፣ መተላለፊያዎቹንና የመግቢያ በሮቹን በሚገባ አደሰ፤ የቤቶቹን ውስጥ ግን ባዶውን ተወው። ማድ ቤት የለ፣ መታጠቢያ የለ፣ ክፍልፋይ የለ። ገዢው በርካሽ ገዝቶ ውስጡን እንዳቅሙና እንደ ጠባዩ ይሠራል። በዚያ ብዙ ሕዝብ በተደባለቀበት ሰፈር ውስጥ ትንሽ ቤት ለመግዛት ያልቻለ ሰው ቻለ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓን ትልቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ።

አንባቢ ሳይስቅ አይቀርም። «ያልተጠናቀቀ ቤት አስረክቦ መሸለም ካለማ እኛም ስንት ጊዜ በተሸለምን!» ይላል። እውነቱን ነው፤ በኋለኞቹ ዙሮች ብዙ የኮንዶሚኒየም ቤቶች የውስጥ ሥራቸው ሳያልቅ ነው የተላለፉት። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። እነሱ የግሉን ለገዢው ትተው የጋራውን ጨርሰው አስረከቡ። እኛ የግሉንም የጋራውንም ጀምረን ተውን፤ ገዢው የግሉን በሴራሚክና በጅብሰም አሳመረው፤ የጋራው እንደ ተጀመረ ቀረ። አራተኛ ፎቅ ላይ በእብነ በረድ የተነጠፈ ሳሎን አለ፤ ወደዚያ ሳሎን የሚወስደው ደረጃ ግን መደገፊያው የተነቀለ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ሆላንድ ውስጥ የአፓርታማ ቤት የገዛ ሰው ሁሉ ወዲያው የባለቤቶቹ ማኅበር አባል ይሆናል፤ መውጣት አይችልም። ማኅበሩ የጥገና ተቀማጭ ሊኖረው ግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም ሕጉ በዓመት የሚቀመጠውን ዝቅተኛ መጠን ወስኗል። ስለዚህ ብልህ ገዢ ከሳሎኑ በፊት የማኅበሩን ቃለ ጉባኤና የባንክ ሒሳብ ይጠይቃል። የእኛም አዋጅ 370 ከዚህ አይርቅም፤ ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ ለጋራ ወጪ በየድርሻቸው እንዲያዋጡ ይላል። ሕጉ አለ። የጎደለን ልማድ ነው እንዳልል ደግሞ ልማዱም ሞልቶናል። ዕድርን የፈጠረ ሕዝብ ነን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መዝገብ፣ ቅጣት፣ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት፣ ሁሉም በሥርዓት። ዕድር ደግሞ ባለቤትና ተከራይ ብሎ አይለይም፤ መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ይቀበራል። ለሞት የምንደራጀውን ያህል ለደረጃው አምፖል መደራጀት ያቃተን ለምንድነው?

ለዚህ የማቀርበው ግምት አንድ ነው። ሞት የሁላችን መሆኑን እናውቃለን፤ ደረጃው የሁላችን መሆኑን ገና አላመንንም። ኮንዶሚኒየሙን የተቀበልነው ከቀበሌ ቤት መውጫ፣ ከአከራይ ማምለጫ አድርገን ነው። ሲደርሰን «ተገላገልኩ» አልን። ከማን? ከጎረቤት፣ ከወረፋ፣ ከጋራ መጸዳጃ። የጋራ የተባለ ነገር ሁሉ የዚያን ዘመን ችግር ስለሚያስታውሰን፣ የጋራው ሰገነትም ከዚያው ጋር ተደምሮ ተጠላ። ለግማሽ ምዕት ዓመት «የሕዝብ» የተባለ ነገር ሁሉ ባለቤት አልባ ሆኖ ስላየን፣ «የጋራ» ሲባልም ያው መሰለን። የጋራ ግን የማንም ያልሆነ ማለት አይደለም፤ ስማቸው አንድ በአንድ የሚታወቅ የሃያ ሰዎች ማለት ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ እንደ ዕድሩ ተከራዩን ቢጨምር፣ ኮሙናሉን የሚያከራይ ቢሆን እንኳ ገቢው ለደረጃው መዋሉን በየወሩ በበሩ ላይ ቢለጥፍ፣ አከራይም ሲያከራይ የጋራ መዋጮውን በውሉ ውስጥ ቢያስገባ፣ ያልተጻፈው ምዕራፍ መጻፍ ይጀምራል። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ትንሽ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ወዳጄም ደላላው ሳሎኑን ሲያሳየው፣ እሱ ደረጃውን ቆጥሮ፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ላይኛው ፎቅ እንደሚደርስ ጎረቤት ጠይቆ፣ «እዚህ ብሎክ ሰብሳቢው ማነው?» ቢል ከቀብዱ በፊት ብዙ ያተርፋል። ሰብሳቢ የሌለው ብሎክ ዋጋው ርካሽ ቢመስልም ውድ ነው።

ለደራሲዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ስለ ሰፈሩ የተጻፈውን እያነበብን አድገናል፤ ከሰፈር የወጣው ሕዝብ ግን ዛሬ በደረጃው ላይ ነው። ዕጣ ያገናኛቸው፣ በቋንቋና በጸሎት የሚለያዩ፣ የአንዱን ጥል ሌላው በጣራው የሚሰማ፣ ስም ለስም የማይተዋወቁ ሃያ ቤተሰቦች። ከዚህ የበለጠ የልብ ወለድ ቦታ ከየት ይመጣል? ከጎርጎራ ዳር ያ ስሙ ያልታወቀ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ሕንፃውን አይቶ በሦስት ቃል ጨረሰው። እኛ ሕንፃው ውስጥ እየኖርን ገና ስም እንፈልግለታለን። መኖሪያችንን በወጉ ብንጠራው፣ ምናልባት ደረጃውን ለመጥረግም ስማችንን አውጥተን እንጠራራ ይሆናል።